ልብስ ሰፊው ጎመን የጀመረ ጊዜ

ወልደሰማያት ጅማ ሲገባ አንድ መቀስና አንድ ጋቢ ብቻ ነበረው። ቦሳ ኪቶ ሰፈር የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍቶ ሲደላው ግን ከራሱ ቀድሞ ሆዱ በር የሚገባ ሰው ሆነ። በዚህም አላፈረም። «ሆዴ የሱቄ ታፔላ ነው» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። ቅቤ ያልፈሰሰበት ወጥ ወጥ አይመስለውም። ጎመን ደግሞ የድህነት ዘመኑን ስለሚያስታውሰው ባለቤቱ ብርሃንነሽ ለራሷ ስትሠራ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ክረምት፣ አጋሮ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሙን ፈለቀን ደም ግፊት ጥሎት ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ወልደሰማያት ሊጠይቀው ሄዶ አጥሚት በማንኪያ ሲያጎርሰው፣ የወንድሙን ሳይሆን የራሱን ፊት ያየ መሰለው። አባታቸውም የሞቱት እንዲሁ ነበር። ጅማ ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄደ።

ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ ፊቱን ቅጭም አደረገ። «አባባ፣ ጨውና ቅቤ ይቀንሱ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ፍራፍሬ ያዘውትሩ። አንዱ ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ አብረው ሲበሉ ነው የሚረዱት። በሽታውን ያርቁልዎት ይሆናል፣ ዋስትና ግን አልሰጥዎትም።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ወልደሰማያት ይዞ የወጣው «አብረው» የምትለዋን ብቻ ነው። በማግስቱ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሎሚ፣ ማርና ጥሬ ጎመን አንድ ላይ ወቅጦ በጠርሙስ ሞላ። የዕድሜ ልኩን ቅቤ በአንድ ጊዜ ሊጠርገው አስቦ በባዶ ሆዱ ግማሹን ጨለጠው።

ረፋዱ ላይ ወርቅዬ የምትባል ሙሽራ ከእናቷ ጋር ለቀሚስ ልኬት መጣች። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞረ ሆዱ አጉረመረመ። እናትየው ነጎድጓድ መስሏቸው ወደ ሰማይ አዩ። ወልደሰማያት ሜትሩን ሙሽራዋ ላይ ጥሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ቶሎም አልተመለሰም።

ጎረቤቱ ኮርቻ ሰፊው ሸኩር ሽንት ቤቱ ደጅ ቆሞ፣ «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አለው።

«ጤና እየገባልኝ ነው» አለ ወልደሰማያት ከውስጥ።

«ወላሂ፣ ለእኔ የሚሰማኝ ሲወጣ ነው።»

ብርሃንነሽ ወሬውን ገበያ ሰምታ ስለነበር የቀረውን ጠርሙስ ደፋችው። «አብረህ ብላ የተባልከው በገበታ ነው፣ በጠርሙስ?» አለችና በትንሽ ዘይት የበሰለ ጎመን፣ የባቄላ ክክና ፓፓያ አቀረበችለት።

መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛ ጎመን ሲበላ እንዳያየው ምሳውን የሚበላው ሱቁ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። አንድ ቀን ሸኩር መጋረጃውን ገልጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ «ቢስሚላሂ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። የአንዱ እርድ ለሌላው ስለማይሆን በጎረቤትነት ዘመናቸው ሁሉ አንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተነሣ።

ወራት አልፈው ግፊቱ ወረደለት። ወጣት ግን አልሆነም፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዛሬም ሰው ይለምናል። ቢሆንም አወቱ ወንዝ ድረስ ሳያርፍ ደርሶ ይመለሳል፣ አጋሮ ሲሄድም ለፈለቀ ፓፓያ ይዞለት ነው።

ሱሪው ስለሰፋው ራሱ አጠበበው። ሸኩር ትርፉ ጨርቅ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ መታጠፉን አይቶ፣ «ይህን ለምን አስቀመጥከው?» አለው።

«ራሴን ስለማውቀው ነው» አለ ወልደሰማያት። «ፋሲካ ይመጣላ።»