ከሰባት ላይ አሥራ ስምንት ሲቀነስ

ትናንት ጁምዓ ከሰዓት... ጀብራ ሰፈር፣ እነ ሰሚራ ግቢ ውስጥ ነን። የግቢውን የብረት በር ሰሌዳ አድርገን በጠመኔ ካልኩለስ እያስጠናኋት ነው።

ሰሚራ የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ናት። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ የአገሩን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። ሸሃዳ የሚሉት የማጠናቀቂያ ፈተና ደርሶባታል። እናቷ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። «አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበርክ፣ እስቲ እያት። ትምህርቱ ካልሆነላት ሥራ ይዣት እገባለሁ፣ መዳሟ ሌላ ሠራተኛ ትፈልጋለች» ብለውኛል። ከሥራ ሲመለሱ ቁርጡን ልነግራቸው ነው።

አንድ የኢንተግራል ጥያቄ ሰጠኋትና ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ጨርሳለች። ግራፉ ልቅም ያለ ነው። ኩርባው የት ወጥቶ የት እንደሚወርድ አልሳተችም፣ ከሥሩ ያለውን ስፋትም በጠመኔ ቀብታዋለች። መልሱም አሥራ አንድ... ልክ ነው።

ስሌቱን ሳየው ግን ከሰባት ላይ አሥራ ስምንት ቀንሳለች። ይሄ ደግሞ ከዜሮ በታች ነው የሚወርደው።

ሰሞኑን ሁሉ እንዲህ ናት። መልሱ ልክ፣ መንገዱ የተገላቢጦሽ። ይቺ ልጅ ከስልክ ነው የምትገለብጠው አልኩ በልቤ። እናቷን ሳስብ በጣም ከፋኝ።

«ስልክሽን ስጪኝና እፊቴ ሥሪው» አልኳት ኮስተር ብዬ።

ሰጠችኝ። ጠመኔውን አነሳችና... ወደ በሩ ቀኝ ጫፍ ሄደች። መጀመሪያ አሥራ ስምንትን ጻፈች። ከዚያ ወደ ግራ እየመጣች የመቀነስ ምልክቷን፣ ቀጥላ ሰባትን።

ዓረብኛ ከቀኝ እንደሚጻፍ ጠፍቶኝ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሳይ ቁጥሩን እንደኛው ከግራ ስለማነበው፣ ስሌቱም እንደዚያ መስሎኝ ነው። ለካ ከአሥራ ስምንት ላይ ሰባት ነው የቀነሰችው፤ ልጅቷ ስትሠራ የከረመችው በትክክል ነው!

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኡስታዝ ነህ... ታውቃለህ ብዬ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ወላሂ አልገለበጥኩም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ናቸው። ስንከፍትላቸው ስሌታችን ከበሩ ጋር ዞሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ገና ፌስታላቸውን ሳያስቀምጡ «እህ፣ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«እሷስ ትችላለች፣ እትዬ። ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «በል እንግዲያ፣ መዳሟ ሌላ ትፈልግ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከእንግዲህ ሰው ላይ ኤክስ ከማድረጌ በፊት፣ በየት በኩል እንደጀመረ እጠይቃለሁ...