አባቴ ያልሰሙት ክራር

ሰው ከከተማ ወጥቶ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ሙዚቃ ሲሰማ አያናድደኝም ብል ውሸቴን ነው። ያናድደኛል። «ጸጥታ ፍለጋ ነው የመጣነው» ይላሉ። ጸጥታ ፈልገው ከመጡ በኋላ ስፒከሩን እስከ ጥግ የሚከፍቱት ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ቤታችን መናገሻ፣ ከጫካው ግርጌ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ የእኛ የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን አጥር አለው፣ ሣሩ ተስተካክሎ ይታጨዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እየመጡ ድንኳን ይተክሉበታል፤ ካምፒንግ ይሉታል። ማሳው እንዴት ከእጃችን እንደወጣ አልተርክም። ሰበታም ብትሄዱ ሱሉልታም ብትሄዱ ወሬው አንድ ነው፣ ሰሚውም ሰልችቶታል። አባቴ ግን አጥሩ ከቆመ ወዲህ ያንን መሬት አልረግጥም ብለው ማሉ፤ አልረገጡትምም።

አባቴ በጉብዝናቸው ጊዜ የደቦ ዘፈን አውጪ ነበሩ። አረም ሲደርስ መንደሩ ተሰልፎ ያጎነብሳል፣ እሳቸው ያወጣሉ፣ ሌላው ይቀበላል። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው፤ አፋቸው ላይ እንደመጣላቸው። ዘፈኑ ከቆመ እጅም ይቆማል። ማሳው ከሄደ ወዲህ ግን አንድ ቀን ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ዘፈን ለሥራ ነው። ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው መዝፈን ልመና ነው ይላሉ። ቡራዩ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ የነበረው ታናሽ ወንድሜ በገዛ እጁ ክራር ሠርቶ ሲመጣ «ይሄ ነገር ከደጄ እንዳያልፍ» አሉት። አላለፈም። ክራሩ ጎረቤት ያድር ጀመር፤ ወንድሜም እዚያው ሄዶ ይለማመዳል።

ምን እንደሚለማመድ ያወቅኩት ውሃ ልቀዳ በዚያ ሳልፍ ነው። የአባቴን የአረም ዘፈን ነበር። ጀሪካኔን አስቀምጬ ቀረሁ። ሕፃን ሆኖ ከኋላቸው እየተከተለ የሰማውን አንዲት ቃል ሳይጥል ይዞታል፤ በክራሩ ሲያዜመው እንኳን የአባቴ የማንም አንጀት ይንሰፈሰፋል። «ለአባዬ እንዳትነግሪ፤ ራሳቸው ሰምተው ይወቁት» አለኝ። እኔም ምላሴን ያዝኩ።

አንድ ቀን የካምፒንጉ አስተባባሪ መጣች። «አካም ጅርታ» ከማለት በቀር ኦሮምኛ የማታውቅ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ዘናጭ ናት። እኔን ሽንኩርት እንድከትፍላቸው፣ ወንድሜን ክራር እንዲጫወትላቸው ፈለገች። «ባህላዊ ነገር እንፈልጋለን፤ ቀርፀን ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን» አለች። ወንድሜ ይህንኑ ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ «የከተማ ሰው ፈልጎ ከሰማውማ እኔም ልስማው» አሉ። ቪዲዮውን በስልክ ካዩት ክራሩ ከደጃቸው አላለፈም፣ እግራቸውም ያንን መሬት አልረገጠም። ወንድሜ ያን ሳምንት እህል አልወርድልህ አለው። የነዚያ ሰዎች ጭብጨባ ምኑም አልነበረም። የሚፈልገው አባቱ አንዴ ሰምተው «ይሄማ የእኔ ነው» እንዲሉት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳት አቀጣጠሉ። ወንድሜን ከእሳቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡትና ካሜራ ያዡ ብርሃኑን ሲያስተካክል፣ በርጩማውን ወዲህ ወዲያ ሲያዞር ቆየ። እኔ በሽንኩርት እጄ ስልኬን አውጥቼ ልቀርፅ ስል አስተባባሪዋ «ቀረፃው ውስጥ ገባሽብን እኮ፣ እኛ እንልክላችኋለን» ብላ ገለል አደረገችኝ። ገለል አልኩ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። አባቴ ያወጡበት በነበረው ማሳ ላይ የአባቴን ዘፈን አወጣ፤ ተቀባይ ግን አልነበረውም። ያኛው ሥጋ ይገለብጣል፣ ያቺኛዋ ስልኳን ትነካካለች። እኔ ብቻ፣ ቢላዋ እንደያዝኩ፣ በሆዴ እቀበለው ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ «በጣም አሪፍ፣ ለቪዲዮው በቅቶናል» አለችው። ወዲያው ስፒከሩ ተከፈተ፣ ሁሉም ተነስቶ መጨፈር ጀመረ። ወንድሜ በርጩማው ላይ ቀረ። ደሜ ፈላ። እሱ ግን «ተይ፣ ቪዲዮው ይመጣ የለ» ብሎ ክራሩን በጃኬቱ ጠቀለለ።

ወደ ቤት ስንወርድ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለካ ያንን ሁሉ ሰዓት ጆሯቸውን ወደ ሜዳው ጥለው ነው። «ያንተ የቱ ነው?» አሉት። ስፒከሩ ገና ይጮሃል። «የእኔ አልፏል፣ አባዬ፤ በስልክ ይመጣል።»

በሳምንቱ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቪዲዮው በስልኬ ገባ። ሳላየው ሮጬ ወሰድኩላቸው፤ ያ ችኮላዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባቴ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወንድሜ ከኋላቸው ቆመ። እሳቱ ታየ፣ ድንኳኖቹ ታዩ፣ ከዚያ ወንድሜ። ጣቱ ክራሩ ላይ ይሄዳል፣ አፉ ይከፈታል። የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ሠርግ ሁሉ ላይ የምንሰማው የአንድ ዘፋኝ ጭፈራ፣ ከነከበሮው፣ ከነምኑ። የወንድሜን ድምፅ አንስተው ጥለውታል፣ መልኩን አስቀርተውታል።

«ዴቢሲ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «እስኪ መልሺው።» መለስኩት። እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ ወንድሜን ጠየቁት።

«ይሄ ያንተ ድምፅ ነው?»

«አይደለም፣ አባዬ። የእኔን አውጥተው ሌላ ጫኑበት።»

«ለመሆኑ ምን ነበር የዘፈንከው?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ከኋላቸው በዓይኑ ተቆጣኝ። እንዲህ ያለ ዓይኑን አይቼ አላውቅም። የተጣለው የማን ዘፈን እንደሆነ እንዲያውቁ አልፈለገም።

«ተራ ነገር ነው፣ አባዬ» አላቸው።

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን መለሱልኝ።

«እንግዲያውስ ደግ አደረጉ» አሉ።