ሳጥኑን ገልብጠሽ አምጪው

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሰው ስለ ውል ሲያወራ የሚደክመኝም ለዚሁ ነው። ያኔ በአቀስታና በመካነ ሰላም መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በጤና ጣቢያ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ስሙ ያምራል እንጂ ሥራው የሽንት ቤት፣ የምንጭና የቆሻሻ ነገር ነው። የሰፈሩ ሰው “የቆሻሻው ዶክተር” ይለኝ ነበር። ለማክበር ይሁን ለማሾፍ ሳልለየው ስምንት ዓመት ሠራሁ።

ዘመኑ የማህበር ዘመን ነበር። ዶሮ የሚያረባውም፣ ድንጋይ የሚያነጥፈውም፣ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ የተደገፈውም ተደራጅ ይባላል። የጤና ጣቢያው ጽዳትና ቆሻሻ ማስወገድም በማህበር ለተደራጁ ሴቶች በውል ይሰጥ የሚል ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ጋር የተላከው የውል ናሙና ለትልቅ ሆስፒታል የተዘጋጀ ስለሆነ በዓይናችን አይተናቸው የማናውቃቸው ማሽኖች ሞልተውበታል። አለቃዬ “አንተ ታውቃለህ፣ አስተካክለው” ብሎ ወረወረልኝ። ሦስት ቀን ተቀምጬ የማይሆነውን ሰረዝኩ፣ የሚሆነውን ጨመርኩ። አንቀጽ ሰባት ግን ከራሴ የወጣ ነበር። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን ሊሞላ ሲል ይዘጋል፤ ሳይከፈት ከነያዘው ይቃጠላል፤ ሳጥኑን ሳያቋርጥ የማቅረብ ኃላፊነት የጤና ጣቢያው ነው ይላል። አንቀጽ ስምንት ጓንትና ቦት ጫማ ማቅረቡን ለማህበሩ ይሰጣል። ሲያልቅ ደግሜ አነበብኩትና በራሴ ኮራሁ።

የፈረሙት አምስት ሴቶች ናቸው። አራቱ በዕድሜ የገፉ፣ አንዷ ከጅዳ የተመለሰች ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት። ይቺኛዋ ዐረብኛን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ ፊደል ግን አልቆጠረችም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ከማሳረፏ በፊት ቀና ብላ አየችኝ።

“ጋሼ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?”

ኮፒውን ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መኪና በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ ነበር።

“ሥራሽን በደንብ ሥሪ ነው የሚለው፣ ሌላ ምን ይላል?” አልኳት። ሳቀችና ፈረመች።

ቤቷን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ መንገድ ዳር ነው። በጅዳ ሥራዋ የጀመረችው ቤት ግድግዳው ተመርጎ፣ የጣሪያው ማገር ተመትቶ፣ ቆርቆሮው ሳይለብስ እሷ ተይዛ ተመለሰች። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው እንዳይሟሟ አናቱን ላስቲክ ታለብሰዋለች። ነፋስ ይገፈዋል፣ እሷ ትመልሰዋለች። “አንድ ጊዜ ብቻ እመለሳለሁ፣ ለጣሪያው፣ ኢንሻአላህ” ትል ነበር። ለመሄድ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደም ይመረመራል። ደሙ ንጹህ ያልሆነ ሰው አይሄድም።

ያን ክረምት ዝናቡ በረታ። የደሴው መንገድ ተበላሽቶ ዕቃ የሚያመጣልን መኪና ቀረ፤ የክትባት ዘመቻ ደግሞ ያሉንን የመርፌ ሳጥኖች ጨረሰ። ሳጥን ማለት ከጠንካራ ካርቶን የተሠራ ቢጫ ዕቃ ነው። የእኛ አገር ሰው መያዣ የሆነ ነገር አይጥልም። የዘይቱ ቆርቆሮ መስፈሪያ ይሆናል፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ኩል ይያዝበታል፣ ጀሪካንማ ለልጅ ውርስ ይሆናል። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ደህና ሳጥን ወደ እሳት ሲገባ ማየት ከመጀመሪያውም ሆዴን ይበላኝ ነበር፤ አሁን ምክንያት አገኘሁ።

“መርፌውን ማቃጠያው ጉድጓድ ውስጥ ገልብጪና ሳጥኑን አምጪው” አልኳት ከጅዳ የተመለሰችውን።

“ወላሂ እኔም ልልዎት ነበር!” አለች። “እንዲህ ያለ ዕቃ ማቃጠል ምን ይሉታል?”

እየገለበጠች፣ በጨርቅ እየወለወለች ጠረጴዛዬ ጥግ ታስቀምጥልኝ ጀመር። እኔም በየወሩ መጨረሻ ሥራው “በውሉ መሠረት ተከናውኗል” በሚለው ቅጽ ላይ እፈርማለሁ። ሦስት ኮፒ፣ ሦስት ማኅተም። እጄ ራሱ ለምዶት ሳላነብ ነበር የምፈርመው።

ካርቶን ካርቶን ነው። ደጋግሞ ያገለገለ፣ የክረምት እርጥበት የጠጣ ካርቶን ይለሰልሳል። ነሐሴ ውስጥ አንድ ረፋድ ግራ አውራ ጣቷን ጨብጣ ቢሮዬ ገባች።

“ጋሼ፣ ወጋኝ።”

መርፌው የሳጥኑን ጎን በስቶ፣ ጓንቷን አልፎ ነው የገባው። በሳሙና አጠብናት። ለኤች አይ ቪው መከላከያ አንድ ወር የሚዋጥ ክኒን ከመካነ ሰላም አስመጣንላት። በደም ለሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ የሚሆን መከላከያ ግን እኛም አልነበረንም፣ እነሱም አልነበራቸውም። ክኒኑ እያቅለሸለሻት፣ እየመነመነች፣ አንድ ቀን ሳትቀር ሥራዋን ሠራች።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ፣ ነርሷ፣ የማህበሩ ሊቀመንበር የሆኑት አሮጊት፣ እኔ። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

“ውሉ ምን ይላል? ኃላፊነቱ የማን ነው?” አለ አለቃዬ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጣቴ አንቀጽ ሰባት ላይ ነበር። አለፍኩትና አንቀጽ ስምንትን አነበብኩ፦ ጓንት የማቅረብ ኃላፊነት የማህበሩ ነው። ሊቀመንበሯ አንገታቸውን ደፉ፤ ጓንቱ ስስ እንደነበር አመኑ። መርፌን የሚያቆም ጓንት በዚያ አገር እንዳልነበረ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ውሉን አጠፍኩት። ልጆች ነበሩኝ፣ ደመወዜ አንድ ነበር፣ ፈሪም ነበርኩ። ማህበሩ ወፍራም ጓንት እንዲገዛ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው “አላህ ይጠብቀን፣ ከእንዲህ ያለው ይሰውረን” ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። የእኔ አሜን ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ።

ወራት አለፉ። የኤች አይ ቪው ምርመራ ደጋግሞ ነጻ ነሽ አላት። ክርስቲያኑም እስላሙም አልሐምዱሊላህ አልን። እኔም ነገሩ እዚያ አበቃ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መንገዱ ሲደርቅ የመጡት አዳዲስ ሳጥኖች ጥቂት ቆይተው አለቁ፤ ስለ መገልበጡ ያልኳትን ግን አንድም ቀን አልሻርኩትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ሳጥኑ ተወልውሎ ጠረጴዛዬ ጥግ መቀመጡን ቀጠለ።

ከዚያ ለምርመራ አዲስ አበባ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

“ደላላው አይሆንም አለኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ያንብቡልኝ።”

አነበብኩት። ደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል፣ ለጉዞ ብቁ አይደለችም። መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ አልደብቅም። ማን ያውቃል፣ ከድሮም ይኖርባት ይሆናል፣ ከእናቷም ወርሳው ይሆናል አልኩ በሆዴ። ሊሆን ይችላል፤ የሕክምናው ትምህርትም አይክድም። ያ ሐሳብ ግን የሰጠኝ እፎይታ ራሴን አስጠላኝ።

ወረቀቱ የሚለውን ነገርኳት። በመስኮቱ ወደ መንገዱ፣ ቤቷ ወዳለበት አቅጣጫ አየች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ተነሥቼ ከመደርደሪያው የውሉን ፋይል አወረድኩ። አንቀጽ ሰባትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘል አነበብኩላት።

“ይሄ ያኔም ነበረ?” አለች።

“ነበረ።”

“ማን ነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ። ያኔም በስብሰባው አውቄ ነው የዘለልኩት።”

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ለቁጣዋ ተዘጋጅቼ፣ እንዲያውም ናፍቄው ነበር። እሷ ግን አውራ ጣቷን እያሸች ትንሽ አሰበች።

“ያኔ ቢያነቡልኝስ ኖሮ፣ ጋሼ?” አለች። “ወረቀቱ አቃጥይው እያለ እርስዎ ገልብጠሽ አምጪው ቢሉኝ የማንን እሰማ ነበር? የእርስዎን ነበር የምሰማው። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት።”

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሠረችና ጓንቷን አጠለቀች። ሥራ ነበረባት፤ ለሁለት ሳምንት የእሷን ድርሻ ሲሸፍኑ የነበሩት አሮጊቶቹ ነበሩ። ነርሷ በሩ ጥግ ያስቀመጠችውን ሳጥን አነሣች፤ ሞልቷል፣ ጎኑ ደጋግሞ ከማገልገል ብዛት ለስልሶ አብጧል።

“ይሄንንስ ልገልብጠው ወይስ ላቃጥለው?” አለችኝ።

“አቃጥይው” አልኳት።

ሌላ ሳጥን አልነበረንም። ነገ ጠዋት ነርሷ መርፌውን የት እንደምትጥል ሁለታችንም አናውቅም ነበር።