አዳዳን የመታት ጂኒ

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት የፈላ ውሃ እንደ ዋዛ ደጅ አይደፋም ነበር። ትኩስ ውሃ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቢስሚላህ» ማለት አለበት፤ ጂኒዎች ልጆቻቸውን ሰብስበው ዘወር እንዲሉ። አያቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ከሚሴ እንደምታውቁት ሞቃት ናት፤ ከሰዓት ላይ አስፋልቱ ሲግል ተሳቢዎቹ ያለፉበት ሬንጅ እስከ ግቢያችን ይሸታል። በዚያ ሙቀት ጂኒ የት ተጠልሎ እንደሚውል አስብ ነበር። ለእኔ መልሱ ደጃችን ያለው የፍሳሽ ቦይ ነበር፤ ስዘለው እንኳን ቢስሚላህ ብዬ ነው።

አዳዳ ሉባባ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በእኛ በኩል የአባት እህት በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምትባለው፤ አማርኛ ስናወራም አንቀይረውም። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እሷ ገና ያላገባች፣ ሂና ከጣቶቿ የማይጠፋ፣ ቦርከና ወርደን ልብስ አጥበን እስኪደርቅ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጃገረድ ነበረች። ስትሸነፍ ታኮርፋለች። ዛሬም የሳሙናና የእርጥብ ልብስ ሽታ ሲመጣብኝ እሷ ናት የምትታወሰኝ።

አንድ ቀን እንዲሁ ወንዝ ውለን መጣን። በማግስቱ ጠዋት አዳዳ ከመኝታዋ ስትነሳ አፍንጫዋና ሁለቱ ጉንጮቿ ደም መስለው ቀልተዋል፤ ጣቶቿም አልታጠፍ ብለዋል። አያቴ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና ተቀመጠች። ጂኒ በጥፊ መቷታል፤ ማታ እግሯን የታጠበችበትን ትኩስ ውሃ ዝም ብላ ደፍታዋለች አለች። አዳዳ «ወላሂ ቢስሚላህ ብያለሁ» አለች። አያቴ አላልሽም አለቻት። እኔ እዚያው በሩ ላይ ነበርኩ፤ ብላ ይሁን ሳትል እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ብቻ ትኩር ብዬ ሳያት እውነትም ጉንጯ ላይ የጣት አሻራ ያየሁ መሰለኝ፤ ለክፍል ጓደኞቼም እንዲሁ አወራሁ።

ሁሉም የየራሱን አለ። ጎረቤታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣች፤ አባቴ ወባ ጠረጠረ። ዱበርቲዎች፣ ማለትም ለታመመ ሰው ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉት የሰፈራችን እናቶች፣ መጥተው ዱዓ አደረጉላት። መጨረሻ ላይ አንድ ሼህ ጂኒው ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እየጠበቃት ነውና ከቤት እንዳትወጣ አሉ። አዳዳ ክረምቱን ሙሉ በጓዳ ተቀመጠች። እኔ ከሰፈር ጨዋታ ስመለስ የውጭውን ወሬ እየለቀምኩ አደርስላት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ፊቷ ጠራ፤ ጣቶቿም ተፈቱ። አያቴም ጂኒው ተስፋ ቆርጦ ሄደ አለች። ማን ይከራከራታል?

ወዲያው ከሰንበቴ ከተማ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌ የላከው ልጅ የከብት ነጋዴ ነው፤ አዳዳም በመጋረጃ ቀዳዳ አይታው ወዳዋለች፤ ነግራኛለች። በእኛ አገር ሽማግሌ ከሁሉም በፊት የሚጠይቀው ዘር ነው። ቤታችሁ ደዌ አለ ወይ? ይላል። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አልሃምዱሊላህ፣ ዘራችን ንፁህ ነው» አለ። ዋሽቶ አይደለም። ጂኒ እኮ የውጭ ነው፤ ከዘር አይቆጠርም።

ሰንበቴ ላይ አዳዳ ከባሏ ጋር ገበያ መዋል ጀመረች፤ ገበያው ደግሞ ሜዳ ነው፤ ጥላ የለውም። ዓመት ሳይሞላ ባሏ ራሱ ይዟት መጣ። ፊቷ እንደገና ቀልቷል፤ ከሻሿ ስር ፀጉሯ ሳስቷል። ባሏ አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ ደዌ ደብቀው ሰጡን ብላለች፤ እስኪሻላት እናንተ ጋር ትሁን» አለና ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። አዳዳ ግን መኪና በቆመ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው። ጠዋት ጣቶቿ ስለማይዘረጉ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አመጣላትና አንድ በአንድ እፈታቸዋለሁ። እያመማት ትስቃለች። ረፋድ ላይ ደህና ሆና ታሾፍብኛለች፤ ከሰዓት ደግሞ ትወድቃለች። ታማለች እንዳልል ትስቃለች፤ ድናለች እንዳልል ማበጠሪያ መያዝ አትችልም። ልጅ ሆኜ በጣም ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር። የታመመ ሰው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል ብዬ ነበር የማውቀው።

በኋላ ፊቷ ሞላ፤ እግሯም ወፈረ። ጎረቤቶች እየመጡ «ማሻአላህ፣ ሥጋ ለበሰች» አሉ። እኛም ደስ አለን። እኔማ ወፈርሽ እያልኩ ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ እጫን ነበር፤ ጣቴ የገባበት ቦታ ተመልሶ አይሞላም። ይሄን ያየ አንድ የሰፈር ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ማለት ነው፣ አባቴን ለብቻው ጠርቶ ዛሬውኑ ደሴ ውሰዳት አለው። አባቴ ፒካፕ ኮንትራት ይዞ መጣ። አዳዳ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች፤ ጫማዋን እኔ አጠለቅኩላት።

አያቴ በሩ ላይ ቆመች። ጂኒ የመታው ሰው መርፌ ከነካው እንደሚሞት እዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። «ማሎ ልጄ፣ እህትህን በእጅህ አትግደላት» አለችው፤ ማሎ ማለት እባክህ ነው። እሷ ስትለምን አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ አንዴ እናቱን፣ አንዴ እህቱን አየ። አዳዳ እንደፈለግህ አለችው። ብዙ ቆሞ ቆሞ ሾፌሩን መለሰው። ረመዳን ሳይገባ ቀበርናት።

አያቴም ካለፈች ቆየች። እኔ አግብቼ ሴት ልጅ ወልጄ፣ ከሚሴም ባጃጅ በባጃጅ ከሆነች በኋላ፣ አንድ ጠዋት የልጄን የልብስ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ከዚያ ፊቴ ቀላ። አባቴ አላመነታም፤ በሦስተኛው ቀን ደሴ ሐኪም ፊት ነበርን። ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ ሉፐስ ይባላል አለችኝ፤ ሰውነቴን ሊጠብቅ የተሰጠኝ መከላከያ ዞሮ እኔኑ እየወጋ ነው። እውነት ለመናገር ከጂኒው ይልቅ ይሄኛው ነው ለማመን የከበደኝ። የአያቴ ጠላት ቢያንስ ከውጭ ነበር የሚመጣው።

ሐኪሟ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው አለ ወይ? ብላ ጠየቀች። አባቴ ቀደመኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የለም፤ ዘራችን ንፁህ ነው» አለ። እኔ አዳዳን አነሳሁ፤ ፀሐዩን፣ ጣቶቿን፣ እብጠቱን ነገርኳት። ሐኪሟ ሁልጊዜ በዘር እንደማይመጣ አስረዳችን። ስለ አዳዳም «ሳላያት እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን ሳይሆን አይቀርም፤ እብጠቱ ከኩላሊት ይሆናል፤ ቶሎ ቢደረስበት ይታከማል» አለች። አባቴ ወለሉን ሲያይ ነበር።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መድኃኒቴን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ሐርቡ ከተማን ካለፍን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረ «ይሄ መድኃኒት ለእሷም ይሆናት ነበር?» አለኝ።

መልሱን ሁለታችንም ሰምተነው ነበር። ግን መድኃኒቱን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ አየሁ። «አይ አባዬ፤ የሷ ጂኒ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ዓይኑን ጨፈነ።

ያን ያልኩት አዝኜለት ይሁን ፈርቼ ለራሴም አልገባኝም። ያኔ ትልልቆቹ ሁሉን የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እኔው ትልቅ ሆኜ ክኒኔን በሰዓቱ እየዋጥኩ፣ ጥላ ጥላውን እየሄድኩ፣ ለአባቴ አንድ ነገር፣ ለሐኪሜ ሌላ ነገር እናገራለሁ። ባለፈው ልጄ ጣቶቼን ለብ ባለ ውሃ እየፈታችልኝ፣ «አዳዳን ጂኒ ነው የመታት፤ አንቺንስ ማን መታሽ?» አለችኝ። አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር፤ እሱም መልሴን ጠበቀ።