የካባው ቋጠሮ ከየት መጣ

ልጄ በሥዕል የፈጠረቻት ጀግና ጭጋግ ላይ ትራመዳለች፤ ስትፈልግም ትበራለች። ካባዋን ግን ሁልጊዜ ወገቧ ላይ ቋጥራ ነው። ስለዚህ ቋጠሮ ዲላ ውስጥ ብዙ ተብሏል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የቋጠሮውን ነገር ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የሥዕል ታሪኳን አንድ የንባብ ክበብ ፎቶ ኮፒ እያደረገ ለልጆች ያድለዋል። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከመባዛቱ በፊት ክበቡ አስተያየት ለመስማት አንባቢዎችን ጠራ። ልጄ ነይም አትምጪም አላለችኝም፤ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው በበዛበት ቦታ መውጫውን ሳላይ አልቀመጥም።

ወሬው ወዲያው ቋጠሮው ላይ አረፈ።

"ቃል ኪዳን ነው፤ ለሞተች እህቷ የቋጠረችው" አለች አንዲት ተማሪ።

"አይደለም! ኃይሏ እዚያ ውስጥ ታስሮ ነው። ከፈታችው ከተማው ይጠፋል" አለ ሌላው።

"አንተ ደግሞ ከተማ ሳታጠፋ አትውልም!" ሲሉት ሁሉም ሳቀ። ልጄ አንገቷን ደፍታ እርሳሷን ታሽከረክራለች።

ክበቡን የሚመራው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። "በእኔ በኩል ይፈታ" አለ። "የጀግና ካባ የሚያምረው ነፋስ ሲገባበት ነው። ነፃ መምሰል አለባት። አሁን እኮ ጎመን ልትሸጥ ገበያ የምትወርድ ነው የምትመስለው፤ ሼም ነው!"

ጎመን ሸጬ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌሎቹ ሲስቁ ልጄ አብራ መሳቋ ነው። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ፤ ሳታምንበት እሺ ልትል ስትል የምትስቃት ናት። በሰፈራችን ደግሞ ትንንሽ ልጃገረዶች የእናታቸውን ነጠላ እንደ ጀግናዋ ወገባቸው ላይ ቋጥረው ሲሮጡ አያለሁ። እሷ ከፈታችው እነሱም ይፈቱታል። እጄን አነሳሁ።

"ቋጠሮው ከእኔ የመጣ ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ግን ከጀመርኩ አላቆምም።

ነገርኳቸው። ያኔ ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ በሚባል ቦታ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀምኩ እሠራ ነበር። ልጄ ገና ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እሷን ታቅፌ ከይርጋጨፌ ወደዚያ በሞተር ስሄድ የነጠላዬ ጫፍ የኋላው ጎማ ውስጥ ገባ። አንገቴን ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ሞተረኛው መንገዱ አስቸግሮት ቀስ እያለ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም የለንም። ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ አንገቴ ላይ የቀረውን ጠባሳ አሳየኋቸው።

"ከዚያ ወዲህ ይህቺ ልጅ ከቤት ስትወጣ 'ቋጥሪ!' ሳልላት የቀረሁበት ቀን የለም" አልኩ። "ሰልችቷታል፣ አውቃለሁ። ግን ይኸው፣ ሳላዛት ሣለችው።"

"ስለዚህ የሞተች እህት የለችም?" አለች ያቺ ተማሪ፣ ቅር ብሏት።

"የለችም፣ ተመስገን!"

መሪው ፈገግ አለ። "እናታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጀግናዋ በራሪ ናት። ሰማይ ላይ ጎማ የለም እኮ።"

"የለም፣ ልጄ። የሚያነቧት ልጆች ግን የሚሄዱት በሞተር ነው።"

ከኋላ አንዷ ልጅ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ፎጣ ጫፍ ወደ ጉያዋ ስትሰበስብ አየሁ።

ልጄ እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ መሪው ዞረች። "ካባው አይፈታም" አለችው። "ነፃ ትምሰል ካልክ ፀጉሯን እበትነዋለሁ። እስከ ወገቧ አስረዝሜ ነፋስ አስገባበታለሁ።"

"ይመችሽ!" አለ መሪው። አጨበጨቡ።

ያን ያህል የረዘመ ፀጉር ጎማ ውስጥ ይገባል የሚለው ነገር አፌ ድረስ መጣ። ልጄ ምን ልል እንደሆነ ገብቷት ከዚያ ማዶ አፍጥጣ አየችኝ። ዋጥኩትና ከሰዎቹ ጋር አጨበጨብኩ።