በካኪ ፖስታ የቀሩት ገጾች

ሰው «እስቲ አንድ የሚጥም መጽሐፍ ጠቁሚኝ» ሲለኝ እናደዳለሁ። ጠያቂው ምንም አላጠፋም። ንዴቱ የቆየ ነው፤ የጀመረኝ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ከአንድ መጽሐፍ አከራይ ጠረጴዛ ፊት ነው። ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ነኝ። ከሥራ የተረፈኝን ሰዓት በሙሉ ለልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ ሰጥቼ ነበር። ፍቅር ብቻውን ሲሆን ይሰለቸኛል፤ ግድያ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይደርቅብኛል። የምወደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፤ ሴቲቱ የምትወደው ሰው ነፍሰ ገዳይ ይሁን አይሁን ሳታውቅ እጁን ስትይዘው።

ቤት ውስጥ በግልጽ ማንበብ አይታሰብም። አባቴ ጴንጤ ነው፤ ልብ ወለድ ለሱ ከመጠጥ እኩል ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሱን ከቀበሌ ሰዎች የሚደብቀው ዱቄት በርሜል ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ልብ ወለዴን ከሱ የምደብቀው እዚያው በርሜል ውስጥ፣ ዝቅ አድርጌ ነው። አንድ ጠዋት በርሜሉ ላይ ተገጣጠምን። የየራሳችንን አወጣንና ሳንነጋገር ተለያየን።

አከራዩ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ግግም ያለ ሰው ነበር። ዘማቹም ወታደሩም መጽሐፍ ይዞበት እየሄደ ሲያስቸግረው የራሱን ዘዴ ፈጠረ። የእያንዳንዱን ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ የመጨረሻ ሦስት ቅጠሎች በምላጭ ቆርጦ ካኪ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጣል። መጽሐፉን ስትመልሱ ፖስታው ይሰጣችኋል፤ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ መጨረሻውን አንብባችሁ ትሄዳላችሁ። ፖስታው ከአግዳሚው አያልፍም። የሻሸመኔ ተሳፋሪ ከነሻንጣው ቆሞ፣ ተደርድረን ስናለቅስና ስንስቅ ያየን ነበር። መጨረሻውን ለሌላ ያወራ ሰው ደግሞ ሁለተኛ መጽሐፍ አይከራይም። ሕጉ ደሜን ያፈላዋል፤ ግን ሌላ አከራይ ስለሌለ ዝም እላለሁ።

አንድ ቀን አዲስ መጽሐፍ መጣ። ከአከራዩ በቀር ማንም አላነበበውም፤ የመጀመሪያዋ ተከራይ እኔ ሆንኩ። ታሪኩ የአንዲት ነርስ ነው። የምትወደው ሰው ወንድሙን ገድሏል ተብሎ ይጠረጠራል፤ «እመለሳለሁ፣ ጠብቂኝ» ብሏት ይሰወራል። ዓመት ይሄዳል፣ ሌላ ዓመት ይተካል። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ደግ ፋርማሲስት ላግባሽ ይላታል። ነርሷ በመጨረሻ ወደ ፋርማሲስቱ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተራ ትቆማለች፤ እግሯ ግን እምቢ ይላታል። ከኋላዋ አንድ ድምፅ ይጠራታል። ዘወር ትላለች። ምላጩ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። እርር ድብን አልኩ።

መጽሐፉን ወዲያው መልሼ ፖስታውን መቀበል ነበረብኝ። ግን ስመልሰው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ይወስዱታል፤ እኔ ደግሞ ለእህቴ ቸኩያለሁ። እህቴ ታላቄ ናት፤ አዳሚ ቱሉ ታስተምር ነበር። እጮኛዋ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ መሐል አንድ የትራክተር መካኒክ ሽማግሌ ልኮባታል፤ እስከ ፋሲካ መልስ ስጪ ተብላለች። የነርሷን ታሪክ ሳነብ በሐሳቤ የማየው እህቴን ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን በአውቶቡስ ረዳት ላክሁላትና «ከዚህ የሚበልጥ አላነበብኩም፤ ባንድ ሳምንት መልሺልኝ» ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻውን የማላውቀውን መጽሐፍ ለሰው መረጥኩ። ጅል!

በሳምንቱ የመጣው ደብዳቤ ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። «ማን ነው የጠራት? መጨረሻውን ሳትልኪልኝ መጽሐፉን አልመልስም። ሳቂብኝ፣ ግን የሷን ሳላውቅ ለሽማግሌዎቹ መልስ መስጠት አልቻልኩም» ይላል። አልሳቅሁም። ከሥራ እንደወጣሁ አከራዩ ዘንድ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ፖስታውን ለአንድ አፍታ ይስጡኝ። እዚሁ አንብቤ እመልስልዎታለሁ።»

«መጽሐፉስ?»

«እህቴ ጋ ነው፤ አዳሚ ቱሉ።»

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲያዝንልኝም ሲከለክለኝም በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። «መጽሐፉን አምጪ፣ ፖስታውን ውሰጂ።»

«እሷ ደግሞ መጨረሻውን ሳላውቅ አልመልስም ትላለች!»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ሳታውቁ ትኖራላችኋ።»

«እሺ በአፍዎ ይንገሩኝ። ማን ነው የጠራት?»

«ሌላውን የከለከልኩትን እኔ ላደርገው ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረ።

ለእህቴ «ላኪው» ብዬ እጽፋለሁ፤ «አልልክም» ትላለች። አከራዩን እለምናለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ራሴ ሄጄ እንዳላመጣው አለቃዬ የአንድ ቀን ፈቃድ ከለከለኝ። በሁለት ግግሞች መካከል ስመላለስ ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ለአንድ ሰልፍ መንገዱ ይጽዳ ተባለና አውቶቡስ ተራ አካባቢ የነበሩት ጠረጴዛዎች ሁሉ ተነሡ። ስደርስ አግዳሚውም የለም፤ ከኋላው የነበረው አጥር ቀይ ቀለም እየተቀባ ነው። አከራዩ ከነፖስታዎቹ ወደ አገሩ ገባ አሉኝ፤ አገሩ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ።

ለፋሲካ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ሦስት ወረቀት አወጣሁና መጨረሻውን ራሴ፣ በእጄ ጻፍኩት። የጠራት እሱ ነው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ንጹሕ መሆኑም ተረጋግጧል። ሻንጣዋን ከእጇ ይቀበላትና አብረው ወደ ቤቷ ይመለሳሉ። እየጻፍኩ ራሴው አለቀስኩ፤ በጣም አምሮልኝ ነበር። ከዚያ «አከራዩ በመጨረሻ አሳየኝ፤ ፖስታው ከአግዳሚው ስለማያልፍ ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ» የሚል ማስታወሻ አክዬ ላክሁላት። «አላውቅም» ብዬ መጻፍ ምን ያህል ይከብድ ነበር? አንድ ቃል ነው። ፍቅር ከፍጻሜ ሳይደርስ ሲቀር ማየት አልወድም ነበርና፣ የእህቴ መልስ በዚያ ወረቀት ላይ እንደተንጠለጠለ እያወቅሁ ደስ ያለኝን ጻፍኩ።

በፋሲካ እህቴ ለሽማግሌዎቹ «እጮኛ አለኝ» አለቻቸው። መካኒኩ በዓመቱ ቡልቡላ ከተማ ሌላ ሴት አገባ፤ ደግ ባል ሆነ ይላሉ። እህቴ ጠበቀች። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ የያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። እሱ አልመጣም፤ ሞቱንም የነገራት የለም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የእኔን ሦስት ወረቀቶች ከመጽሐፉ ጀርባ በሙጫ ለጥፋ፣ ለአስተማሪዎቹም ለጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ታውስ ነበር። «መጨረሻው በእጅ የተጻፈ ነው፣ ግን ትክክለኛው ነው» ትላቸዋለች። ይህን በሰማሁ ቁጥር ልናገር እነሣና መልሼ እቀመጥ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ናዝሬት ገበያ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል የዚያን መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አገኘሁ። ምላጭ አልነካውም፤ ሙሉ ነው። እዚያው ቆሜ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበብኩ። ነርሷን የጠራት ትኬት ቆራጩ ነው። ሻርፗን ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ረስታው ኖሯል። ትቀበለዋለች፣ ታመሰግነዋለች፣ አውቶቡሱ ላይ ትወጣለች። ሌላ የጠራት የለም። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ከጎኗ ያሉትን ሴትዮ ከተማው ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ትጠይቃቸዋለች።

በማግስቱ አዳሚ ቱሉ ሄድኩ። እህቴ ደብተር እያረመች ነበር። መጽሐፉን ፊቷ አስቀመጥኩና «እትዬ፣ ያኔ የላክሁልሽን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ እውነተኛው ይሄ ነው» አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አደረገችና ሦስቱን ቅጠሎች አነበበች፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። እኔ ፊቷ እንደቆምኩ ነኝ።

«አንቺ የጻፍሽው ያምራል» አለችኝ መጽሐፉን እየዘጋች። «ለእኔ ግን ይሄኛው ይሻለኝ ነበር።»