የሚወስድ መርፌ

እኛ ዘንድ መርፌ ተወጋሁ ማለት ታከምኩ ማለት ነው። ክኒን ብቻ ይዞ ከክሊኒክ የወጣን ሰው መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ምነው፣ መርፌም አልወጉህ?» ይለዋል። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲሁ እያልኩ ነው።

ባለቤቴን ሽንት እምቢ ቢለው ጂንካ መረመሩትና ሪፈር ጻፉለት። ሩቅ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። መንገድ እወዳለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጥኩት። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም አስረዳን። ከሽንት ፊኛው ሥር ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ፣ እሱ አብጧል። በመርፌ ከእጢው ክር ክር የሚያህል ሥጋ ይወስዳሉ። ካንሰር መኖር አለመኖሩ በዚያ ይታያል፤ አንዱ ክር ግን ለጥናት ነው፣ የወንድ ሆርሞን ይለካበታል።

«ደም ውስጥ ያለው ሆርሞንና እጢው ውስጥ ያለው እኩል አይደለም፣ አባባ። ደሙን ብቻ አይተን የእጢውን አናውቅም» አለ።

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀና በአውራ ጣቱ ፈረመ። ወጉት፤ ሽንት የሚከፍት ክኒንም ሰጥተው ለውጤት ቀጠሩን። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው «መርፌ» የሚለውን ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ለውጤት የተቀጠርንበት ቀን ሲደርስ ነው።

«ተወግቼ የለም እንዴ! ሽንቴም ተከፍቷል። ምን ልሁን ብዬ ነው የምሄደው?»

«የከፈተልህ የሰጡህ ክኒን ነው።»

«በክኒን የዳነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቀጠሮው አለፈ። ካንሰር ከሆነ ቤት ተቀምጦ እያደገበት ነው፤ እሱ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ድኛለሁ ይላል።

አንድ ቀን ገዘር ገበያ ወጣሁ። የምሸጠው ባይኖረኝም እሄዳለሁ። አንድ ነጋዴ የገበሬ ጆንያ በሹል ቱቦ ወጋና ጥቂት ቡና አወጣ፤ አሸተተው፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበራት። ቆሜ አየሁት። ቤት ስመለስ ባለቤቴ እንሰት ሥር ይኮተኩታል።

«አንተ፣ ነጋዴ ጆንያህን በብረት ከወጋው ገዛው ማለት ነው?»

«የት! ናሙና ወሰደ እንጂ። ሳያይ ይገዛል?»

«አንተንም የወጉህ እንደዚያ ነው። ያስገቡብህ መድኃኒት የለም፤ ወሰዱ እንጂ።»

መኮትኮቱን ተወ።

«ጆንያ አደረጉኛ!»

«ያውም አሮጌ ጆንያ።»

ሳቀ። በማግስቱ ተሳፈርን። ካንሰር ነው አሉን፣ ግን ገና ከእጢው አልወጣም። ካንሰሩን የሚያሳድገውን የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት ጀመሩለት፤ በየሦስት ወሩ እዚያው ይሰጠዋል። የጥናቱ ልኬት ስንት እንደወጣ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ እሁድ፣ ጸሎት መሀል የመድኃኒቱ ሙቀት መጣበትና ላብ አጠመቀው። ኮቱን አወለቀ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያኔ፣ የወር አበባሽ ሲቆም፣ ሲያነድሽ የነበረው ይሄ ነው እንዴ?»

«እሱው ነው።»

«እኔ እኮ ታበዢዋለሽ እል ነበር» አለና ኮቱን አሸክሞኝ ቀድሞኝ ሄደ።